ክንድ ብቻ የሚመታው ሰርቭ፦ ችግርና መፍትሄ

ሰርቭ በቴኒስ ኳሱን ወደ ላይ ወርውሮ በመምታት ነጥቡ የሚጀመርበት ምት ነው። አያያዝ፣ አቋቋም፣ የራኬት ክር ውጥረት የመሳሰሉት ተስተካክለዋል ብለን እንጀምር። ራኬቱን እንደ መዶሻ የማይዝ ሰው መጀመሪያ እሱን ይጨርስና ይመለስ። ቀኝና ግራ የተጻፈው ለቀኝ እጅ ተጫዋች ስለሆነ ግራኝ ይገልብጠው።

ምልክት፦ ክንድ ይደክማል፣ ኳሱ ግን አይፈጥንም

ከለገጣፎ እስከ ሱሉልታና ሰበታ ባሉ የመኖሪያ መንደር ሜዳዎች ላይ ደጋግሞ የሚታየው ብልሽት ይሄ ነው። ሰውየው ባለ በሌለ ኃይሉ ይመታል፣ ያቃስታል፣ ሃያ ሰርቭ ሳይሞላ ትከሻውን ማሸት ይጀምራል። ኳሱ ደግሞ ተቀባዩ ጋ ተንሳፍፎ ይደርሳል። ዳር ላይ የቆመው ሁሉ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ጉልበትህን እጠፍ!» ያጥፋል። ይብስበታል።

መንስኤው መታጠፉ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ጉልበቱ የሚታጠፈው ኳሱ ገና ከእጅ ሳይወጣ ነው። ቁጢጥ ይልና እየተነሳ ይወረውራል። ኳሱ ጫፍ ላይ ሲደርስ እግሩ ቀጥ ብሎ፣ ክብደቱ ግራ እግሩ ላይ አልቆ፣ ሰውየው እንደ ተሸካሚ ምሰሶ ቆሟል። ኳሱ ሲወርድ የቀረው ክንድ ብቻ ነው። እግርና ዳሌ መስጠት የነበረባቸውን ትከሻ ብቻውን ሊከፍል ይሞክራል፤ ሕመሙም ከዚያ ይመጣል።

ትክክለኛውን ቅደም ተከተል ለማየት ከሰንዳፋ ማዶ ከማሳ ላይ ወፍ የሚያባርር ልጅ ድንጋይ ሲወረውር መመልከት ይበቃል። ግራ እግሩን ይተክላል፣ ዳሌው ይዞራል፣ ደረቱ ይከተላል፣ ክንዱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ድንጋዩን የያዘው እጅ ዳሌው ሲዞር ገና ኋላ ቀርቷል። ሰርቭም ያው ነው። ልዩነቱ የሚገፋው ወደ ፊት ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም መሆኑ ነው።

ምርመራ። ስልኩን በቀኝ በኩል ከ4 እስከ 5 ሜትር ርቀት ላይ፣ በወገብ ቁመት አቁሙና በዝግታ ቀረጻ አምስት ሰርቭ ቅረጹ። ቪዲዮውን ጉልበት በጣም በታጠፈበት ቅጽበት አቁሙትና ኳሱን ፈልጉ። ኳሱ ገና እጅ ውስጥ ካለ ብልሽቱ ተገኝቷል። ጤነኛ ሰርቭ ላይ ኳሱ ከእጅ ወጥቶ ወደ ጫፉ እየተቃረበ ነው፤ ግራ እጅም ገና ወደ ላይ እንደተዘረጋ ነው።

ጥገና። ራኬቱን አስቀምጡ። አዎ፣ አስቀምጡት፤ ይዞ ለማረም የሚሞክር ሰው ሁለት ኳስ ሳይወረውር መምታት ይጀምራል።

መጀመሪያ ክብደቱን ቀኝ (የኋላ) እግር ላይ አድርጋችሁ ግራ ክንዳችሁን ሳታጥፉ ከጭን አንሱት። እጁ ከጭን ሲነሳ ሰውነት ወደ ፊት መንሸራተት ይጀምራል፤ ጉልበት ግን አይቸኩልም። ኳሱ ከእጅ የሚወጣው ዓይን ቁመት ላይ ነው። ጉልበት ወደ መጨረሻው እጥፋት የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ለራሳችሁ ድምፅ አውጥታችሁ ቁጠሩ፦ «ልቀቅ» ሲባል ኳሱ ይወጣል፣ «ተቀመጥ» ሲባል ጉልበት ይታጠፋል፣ «ተነስ» ሲባል መሬቱ ይገፋል። ሃያ ጊዜ ያለ ራኬት። ከዚያ ራኬት ይዛችሁ ሳትመቱ አሥር፣ በመጨረሻ በግማሽ ኃይል አሥር። ከአሥሩ ሰባቱ ሳጥን ውስጥ (ሰርቭ ማረፍ ያለበት ከመረቡ ማዶ ያለው አራት ማዕዘን) ካልገቡ ኃይል አትጨምሩ።

በቅርጫት ኳስ የዳበረ አንድ ጎረምሳ ነበር፣ ቁመቱ ከሁሉም የሚበልጥ፣ ሰርቩ ከሁሉም የሚያንስ። ሁለት ወር ሙሉ ጉልበት እጠፍ ሲባል ከርሞ ጭኑ እስኪንቀጠቀጥ ይቀመጥ ነበር። እጥፋቱን በግማሽ አስቀንሶ ከኳሱ መለቀቅ በኋላ ማድረግ ብቻ ነበር የቀረው። በአንድ ከሰዓት የኋላው አጥር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሌላዋ ተጫዋች ደግሞ ጊዜዋ ትክክል ሆኖ ግራ እጇን ኳሱን እንደለቀቀች ወደ ሆዷ ትስበው ነበር። ግራ እጅ ቀድሞ ሲወርድ ደረት ቀድሞ ይከፈታል፣ ደረት ቀድሞ ሲከፈት ከእግር ተነስቶ ክንድ ላይ የሚያልቀው ሰንሰለት ተበጠሰ ማለት ነው። መድኃኒቱ፦ ኳሱ መውረድ እስኪጀምር በግራ ጣት እየጠቆሙ መቆየት።

ምልክት፦ ኳሱን መጠበቅ፣ መሃል ላይ ቆም ማለት

ውርወራው ከፍ ብሏል። ከመምቻው ነጥብ 1 ሜትር በላይ የወጣ ኳስ ወደ ነጥቡ ለመመለስ 0.45 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ሲደርስ በሰከንድ 4.4 ሜትር እየወረደ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ያለፈው 0.25 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ፍጥነቱም 2.4 ሜትር ነው። ዝግ ብሎ የሚያልፍን ኳስ ማግኘት ይቀላል። ክንድና ራኬት ወደ ላይ ተዘርግቶ ከሚደርስበት በላይ የአንድ ራኬት ፊት ርዝመት፣ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ለብዙ ሰው ይበቃል። ሱሉልታ በኩል ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ከዚህም ዝቅ አድርጉ። ያልተመቸ ውርወራን ሳይመቱ መያዝ ሕጉ ይፈቅዳል፤ የሄደውን ሁሉ መምታት ግዴታ የሚመስለው ሰው ግን አሁንም አልጠፋም።

ውርወራ የሚባለው ራሱ ውርወራ አይደለም፣ ማንሳት ነው። ኳሱ በጣት ጫፍ ይያዝ፣ ሞልቶ የቀረበ የቡና ሲኒ እንደሚያዝ። የእጅ አንጓ ሲታጠፍ ኳሱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ክርን ሲታጠፍም እንዲሁ። ልኩን ለማወቅ ኮፍያችሁን ከምትቆሙበት የኋላ መስመር ወደ ሜዳው ውስጥ 30 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ፣ ከግራ እግር ትንሽ ወደ ቀኝ አስቀምጡና ያልተመታው ኳስ እዚያ ላይ ይውደቅ።

ከውጭ ቪዲዮ የተቀዳው «አንድ ሰዓት ላይ ወርውር» የሚል መመሪያ እኛ ጋ መከራ ነው። አንድ ሰዓት ሲባል የእጅ ሰዓቱ ትንሿ ዘንግ 7 ቁጥር ላይ የምትሆንለት ሰው ኳሱን ወደ ግራ ቁርጭምጭሚቱ ቢወረውር አይፈረድበትም። የተፈለገው የሰዓቱ ፊት ላይ የተጻፈው 1 ቁጥር ነው፦ ከራስ በላይ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ።

ምልክት፦ መረብ ላይ መቅረት

ወይ ኳሱ በጣም ወደ ፊት ተወርውሯል፣ ወይ ራስ ቀድሞ ወደ ታች ወርዷል። ኳሱ ራኬቱን እስኪለቅ አገጭ ወደ ላይ ይሁን።

ምልክት፦ ቀኝ እግር መሬት ላይ ተጣብቆ መቅረት

ይህ መንስኤ ሳይሆን ውጤት ነው። እግሩን በግድ እየጎተቱ ማስገባት ለፎቶ ካልሆነ አይጠቅምም። ግፊቱ በሰዓቱ ከመጣ ሰውነት ራሱ ሜዳው ውስጥ በግራ እግር ያርፋል፣ ቀኙም ወደ ኋላ ይነሳል።

ምልክት፦ ኳሱ ከሳጥኑ አልፎ መውጣት

ከራስ ኋላ የተወረወረ ኳስ ሰውነትን ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ክብደትም ኋላ ይቀራል። እሱ ተስተካክሎም የሚወጣ ከሆነ ኳሱን ራሱን ተጠራጠሩ። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ኳሱን አይዘውም፤ ሽክርክሪቱም እንደ ቆላው ቶሎ አያጎብጠውም። የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የከፍታ ቦታ ኳስ የሚል ዓይነት ለይቶ ያስቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው። የተራውን ኳስ ቆርቆሮ ከፍቶ እንደ ጎማ ሲነጥርበት ራኬቱን የሚለውጥ ሰው ገንዘቡን ያቃጥላል። ቆርቆሮው ላይ «ሃይ አልቲትዩድ» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ፤ ካልተገኘ ግፊት የሌለውን፣ ማለትም ሲሠራ ጀምሮ ውስጡ አየር ያልታመቀበትን ኳስ ግዙ። ነፍሱ የወጣ አሮጌ ኳስ ግን መፍትሄ አይደለም። እሱን ለማስኬድ ሲሉ ክንድ መጨመር ይለመዳል፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ብልሽት መመለስ ነው።

ምልክት፦ መስመር መርገጥ

ግራ እግርን አንድ ጫማ ወደ ኋላ መልሱት። ሌላ የለም።

ምልክት፦ ወገብ ላይ ሕመም

አብዛኛውን ጊዜ ኳሱ ወደ ግራና ወደ ኋላ ሲወረወር ወገብ ተቆልምሞ ይከተለዋል። መምታቱን አቁሙ፤ በማሞቂያ ቅባት አሽቶ መቀጠል አይሠራም። ልጆችን እንዲህ ጀርባ አጉብጦ የሚመታ ሰርቭ አታለማምዱ፤ በተለይ 68.5 ሴንቲ ሜትር የሆነውን የአዋቂ ራኬት አስይዛችሁ አታድርጉት።

ማረፊያው

ክብደት በትክክል መተላለፍ ሲጀምር ያልታሰበ ችግር ይመጣል፦ ሰውነት እውነትም ሜዳው ውስጥ ያርፋል፣ በአንድ እግር። በጋ ላይ ከሲሚንቶው በላይ የሚተኛው አቧራ ያንን እግር እንደ ሳሙና ይወስደዋል። ከመስመሩ ወደ ውስጥ 1 ሜትር ያህሉን ጠርጋችሁ ጀምሩ፤ ክረምት ላይ ደግሞ ውሃ የቋጠረ ስንጥቅ ካለ ጎን ቀይሩ። በሩጫ ጫማ የምትመጡ፣ ይህ አገር የሯጭ አገር ስለሆነ ብዙ ናችሁ፣ ተረከዙ ወፍራምና ለስላሳ የሆነው ጫማ ወደ ጎን አይደግፍም፤ ቁርጭምጭሚት የሚዞረው በዚያ ነው። የቴኒስ ጫማ ካልተገኘ ዝቅ ያለና ሰፊ ሶል ያለው፣ ተረከዙ በጣት ሲጫኑት የማይሰምጥ ይሻላል።