ደም ከመሰጠቱ በፊት የሚወሰደው ናሙና፦ በዘር የሚተላለፍ የልጆች ደም ማነስ የጂን ምርመራ

መጀመሪያ የሄሞግሎቢኑን (በቀይ ሴል ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ፕሮቲን) ቁጥር አስተካክሉ። ደሴ 2,500፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላሉ፣ ከፍታም ሄሞግሎቢንን ስለሚጨምር፣ ቁጥሩ ማሽኑ እንደሰጠው አይነበብም። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለኮምቦልቻ 1.1፣ ለደሴ ከ1.4 እስከ 1.8 ግራም በዴሲሊትር ይቀነሳል። ደሴ ላይ 11.5 የተገኘበት የሦስት ዓመት ልጅ ጤነኛ ይመስላል፤ ሲቀነስ ግን ከደም ማነስ ወሰኑ ከ11 በታች ነው።

ቀጥሎ የብረት እጥረት፣ ከቆላ ለመጣ ልጅ ደግሞ ወባ ይጣራ። ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ ሬቲኩሎሳይት (አዲስ የተመረቱ ቀይ ሴሎች ቆጠራ)፣ የደም ስሚር (ደም በማይክሮስኮፕ ማየት)፣ ፌሪቲን (የብረት ክምችት መለኪያ) እና ኩምብስ (ቀይ ሴልን የሚያጠቃ ፀረ አካል ምርመራ) ሳይሠሩ ጂን ማዘዝ ገንዘብ ማባከን ነው። መንገዱን የሚያሳየው ሬቲኩሎሳይት ነው። ዓመት ባልሞላው ሕፃን ላይ እሱ ዝቅ ብሎ ኤምሲቪ (የቀይ ሴል አማካይ መጠን) ከፍ ካለ ዳይመንድ ብላክፋን (መቅኒ ቀይ ሴል በበቂ የማያመርትበት የዘር በሽታ) ይጠረጠራል። ሬቲኩሎሳይት ከፍ ብሎ ዓይን ቢጫ ከሆነና ጣፊያ ካበጠ የቀይ ሴል ሽፋን ወይም የኢንዛይም ችግር ይታሰባል። አጭር ቁመት፣ የተዛባ አውራ ጣትና ቡናማ የቆዳ ነጠብጣብ ወደ ፋንኮኒ ደም ማነስ (መቅኒ የሚደክምበት የዘር በሽታ) ያመራሉ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ናሙናው ነው። ልጁ ደም ከወሰደ በኋላ የሄሞግሎቢን ኤሌክትሮፎረሲስ (የሄሞግሎቢን ዓይነቶችን የሚለይ ምርመራ) እና የኢንዛይም ምርመራ የሚያሳዩት የለጋሹን ቀይ ሴል ጭምር ስለሆነ፣ እንደገና ለመሥራት ሦስት ወር ያህል መጠበቅ ግድ ይላል። ስለዚህ ድንገተኛ ቢሆንም እንኳ ደሙ ከመሰቀሉ በፊት ከ2 እስከ 3 ሚሊሊትር በሐምራዊ ክዳን የኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር) ቲዩብ ውሰዱ፤ ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ ቀስ አድርጋችሁ ገልብጡት፣ ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ አኑሩት። ይቀዝቅዝ እንጂ በረዶ አይሁን፤ አይስ ቦክስ ውስጥም ከበረዶው ጋር አይነካካ። ዲኤንኤው የሚገኘው ከነጭ ሴል ነው። የተሰጠው ደም ነጭ ሴሉ ያልተጣራ ከሆነ ውጤቱ ሊደባለቅ ስለሚችል የጉንጭ ውስጥ ናሙና ይሻላል። ሌላው የደም መርጋት መከላከያ፣ ሄፓሪን፣ ለጂን ምርመራ አይሆንም፤ ፒሲአርን (ዲኤንኤን የማባዛት ሥራ) ያውካል። ለፋንኮኒ የክሮሞዞም ስብራት ምርመራ ግን የሚፈለገው ሄፓሪን ነው፤ ሴሎቹ በሕይወት መድረስ ስላለባቸው ቲዩቡን ከመላክ ልጁን ወደ ላቦራቶሪው መላክ ይመረጣል።

የእናትና የአባት ናሙናም አብሮ ይሂድ። ወላጆች ዘመዳሞች መሆናቸውን፣ በእናት በኩል ደም ማነስ ያለበት አጎት መኖሩን በጨዋ አነጋገር ጠይቁ፤ ለብቻቸው እንጂ በአያት ፊት አይሁን።

ውጤቱ “ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ” ካለ በዚያ ብቻ ሕክምና አትጀምሩ። “አልተገኘም” ማለትም ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ ትልልቅ የጂን ጉድለቶች በተለመደው ንባብ ሊያመልጡ ይችላሉ። ጣፊያ ለማውጣት ከታሰበ ምርመራው ይቅደም፤ በአንዳንድ የስቶማቶሳይቶሲስ (በዘር የሚተላለፍ የቀይ ሴል ሽፋን ችግር) ዓይነቶች ጣፊያ ማውጣት አደገኛ የደም መርጋት ያስከትላል። ፋንኮኒ ከተረጋገጠ ደግሞ መቅኒ ሊሰጡ የታሰቡ ወንድምና እህቶች ጤነኛ ቢመስሉም ይመርመሩ።