«ፒአርፒ» ፍለጋ ከመነሳታችሁ በፊት

ባሕር ዳር ውስጥ በማህፀን ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ልጅ ፈልገው የሚመጡ ባልና ሚስት ገና ሳይቀመጡ የሚጠይቁኝ ስለ ፒአርፒ ሆኗል፤ ከሴቲቱ ደም ተቀድቶ፣ በማሽን ተሽከርክሮ፣ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ ቅንጣቶች) የበዛበት ቢጫው የደም ፈሳሽ፣ ፕላዝማ፣ ተለይቶ ወደ ማህፀኗ ስለሚገባበት ሕክምና። ተስፋቸው ይገባኛል። ስህተታቸውን ግን ደጋግሜ አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ።

ባልን ሳያስመረምሩ መጀመር። ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ወንዱም የችግሩ ተካፋይ ነው። ከዘጌ በጀልባ ተሻግረው የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ሚስትየዋ የስድስት ዓመት ወረቀቷን ከፌስታል ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው፤ አልትራሳውንድ፣ የሆርሞን ምርመራ፣ የማህፀን ቱቦ ራጅ። የእርሱ ስም ያለበት አንድም አልነበረም። «የእርስዎስ ወረቀት?» ስለው ባርኔጣውን እያገላበጠ «እኔማ ምን ሆንሁና፣ እህቴ!» አለኝ። የዘር ፈሳሹ ሲታይ አንድም የወንድ ዘር አልተገኘበትም። የቡና ገንዘባቸውን ቋጥረው የመጡት እንከን የሌለበትን የእርሷን ማህፀን ለማሳከም ነበር። ባሎች፣ ምርመራው ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ዘር ከማፍሰስ ታቅቦ ናሙና መስጠት ነው፤ መርፌ እንኳን የለውም። ሚስታችሁ «መካን» እየተባለች አንገቷን ስትደፋ ይህን ያህል እንዴት ይከብዳችኋል? እኔም ሥራ ስጀምር «ባልሽ በኋላ ይመጣል» እያልሁ ሴቶችን ለብቻቸው አስመርምሬያለሁ። ያባከንሁባቸው ወራት ዛሬም ይቆጨኛል።

ለሁሉም ይሠራል ብሎ ማመን። በማህፀን የሚሰጠው ፒአርፒ በብዛት የሚሞከረው በሆርሞን ታክማም የማህፀኗ ውስጠኛ ሽፋን ከ7 ሚሊ ሜትር በታች ለቀረባት ሴት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የቻይና ሐኪሞች ውጤቱን ሲያሳውቁ የታከሙት 5 ሴቶች ብቻ ነበሩ። የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ምክር እንደ መደበኛ ሕክምና እንዲሰጥ አልደገፈውም። የተዘጋ ቱቦ አይከፍትም። ሐኪማችሁን «ለእኔ ለምን አስፈለገኝ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ከራሳችሁ ምርመራ መምጣት አለበት።

አስፕሪን መውሰድን አለመናገር። አስፕሪን የነካው ፕሌትሌት ከ7 እስከ 10 ቀን ያለውን ዕድሜውን እስኪጨርስ አያገግምም። ስለዚህ ደም ከመቀዳቱ በፊት ተናገሩ። ሐኪም ያዘዘው ከሆነ ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ዓመታትን ማሳለፍ። 35 ዓመት የሞላት ስድስት ወር፣ ከዚያ በታች ያለች አንድ ዓመት ሞክራ ካልሆነላት ትመርመር። ጠበል የምትጠመቁ ተጠመቁ፤ ቀጠሮውን ግን አታሳልፉ።

በላቦራቶሪ የተዳበረ ፅንስ ወደ ማህፀን ከገባ በኋላ መፍራት። ከአዲስ አበባ ሲመለሱ የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ መንገድ ፅንሱን ያወርደዋል ብለው የሚጨነቁ አሉ። አያወርደውም፤ አልጋ ላይ መክረምም ዕድሉን አይጨምርም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። አንዲት ሴት ጠብታ ደም አይታ «አበቃልኝ» በማለት እርግዝናውን እንዲደግፍ የታዘዘላትን ፕሮጄስትሮን የተባለ የሆርሞን መድኃኒት አቋርጣ ከሦስት ቀን በኋላ ደወለችልኝ። ጠብታ ደም ብቻውን እርግዝናው አልያዘም ማለት አይደለም። በዚያው ሰዓት ለሐኪማችሁ ደውሉ፤ መድኃኒቱን የእርግዝና ምርመራው ቀን እስኪደርስ ቀጥሉ።