አዲስ ሞተር ጀልባ ጣና ላይ ሲወርድ፦ የመጀመሪያውን ቀን ችግሮች እንዴት ለይቶ መፍታት ይቻላል

አዲስ ሞተር ጀልባ ገዝቶ ባሕር ዳር ያደረሰ ሰው በመጀመሪያው ቀን ከሚገጥሙት ችግሮች አብዛኞቹ የፋብሪካ ጉድለቶች አይደሉም። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ያልተከፈተ የነዳጅ ታንክ መተንፈሻ፣ የላላ የባትሪ ዳዶ ወይም በቦታው ያልገባ የደኅንነት ገመድ ሆኖ ይገኛል። ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደውና ያለአግባብ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ግን የጉልበት ማነስ ነው፤ ይኸውም ለባሕር ጠረፍ የተመረጠ ፕሮፔለር (ውሃውን እየገፋ ጀልባውን የሚያስኬደው ባለክንፍ ተሽከርካሪ) ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኘው ጣና ውስጥ እንዲሽከረከር ሲደረግ የሚፈጠር ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከኋላው አንድ የቤንዚን ሞተር ለተንጠለጠለበት አነስተኛ ጀልባ የሚያገለግል ሲሆን፣ ስለ ፕሮፔለሩ የሚናገረው ክፍል ሆን ተብሎ ረዝሟል።

ጀልባው ውሃ ሳይነካ

ለእያንዳንዱ ሰው የሚበቃ ላይፍ ጃኬት፣ መቅዘፊያ፣ መልህቅ ከነገመዱ፣ የተሞላ ስልክ፤ ስለ እነዚህ ማብራሪያ አያስፈልግም። በጀልባው የኋላ ግርጌ የሚገኘው የውሃ መውጫ ቀዳዳ ውታፍ መጥበቁን ራስዎ በእጅዎ ነክተው ያረጋግጡ፤ ሌላ ሰው አጥብቄዋለሁ ማለቱ አይበቃም። ሞተሩን ከጀልባው ጋር የሚያያይዙትን ብሎኖች በቁልፍ ይሞክሩ። የሞተሩን ዘይትም ሞተሩ ቀጥ ብሎ እንደቆመ በመለኪያው ዘንግ ይመልከቱ፤ አንዳንድ አነስተኛ ፎር ስትሮክ ሞተሮች ከፋብሪካ ያለ ዘይት ስለሚላኩ፣ አዲስ ስለሆነ ዘይት አለው ብሎ መነሣት ሞተሩን በመጀመሪያው ቀን ሊገድለው ይችላል።

የባትሪውን ነገር ትንሽ ላስረዝመው። ብዙ የጀልባ ባትሪዎች በእጅ የሚጠበቅ ባለክንፍ ዳዶ ይዘው ይመጣሉ። ይህ ዳዶ ጀልባው በማዕበል ላይ በተንገጫገጨ ቁጥር ስለሚላላ፣ በእኔ አስተያየት ወዲያውኑ አውጥቶ በቁልፍ በሚጠበቅ ተራ ዳዶና በሮንዴላ መተካት ይገባል። የላላ ገመድ የሚሰጠው ምልክት አሳሳች ነው፤ መብራቱ ይበራል፣ ሬዲዮውም ይሠራል፣ ቁልፉ ሲዞር ግን ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሣው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። መብራት የሚፈልገው ኃይል ጥቂት በመሆኑ በላላ ገመድም ያልፋል፤ ሞተሪኖው የሚስበው ግን ከዚያ እጅግ የበዛ ስለሆነ አያልፍም። ርካሽ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) እዚህ ላይ ዋጋውን ይከፍላል፦ ሙሉ ኃይል ያለው ባትሪ ሞተሩ ሳይነሣ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ተነሥቶ ዙሩ ከፍ ሲል ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ካላሳየ ባትሪው እየተሞላ አይደለም፤ መመለሻም ላያገኙ ይችላሉ።

ሞተሩን በየብስ ላይ ያለ ውሃ ለጥቂት ሰከንዶች እንኳ አያስነሡ። የማቀዝቀዣው ውሃ ፓምፕ የጎማ ክንፎች የሚለሰልሱት በሚስቡት ውሃ በመሆኑ ደርቀው ሲሽከረከሩ ይላጣሉ። መሞከር ግድ ከሆነ ፕሮፔለሩ ወልቆ የሞተሩ እግር ውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ይግባ።

ቦታና ሰዓት መምረጥም ከዝግጅቱ ይቆጠራል። ጣና ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣና ማዕበሉም አብሮት ስለሚመጣ በማለዳ ይውጡ። ሙከራውን በአባይ መውጫ አካባቢ ማድረግ አይመከርም፤ ሞተሩ ቢጠፋ የውሃው ፍሰት ጀልባውን ወደ ድንጋዩና ወደ ውሃ መቆጣጠሪያው ግድብ ይወስደዋል፣ ጉማሬም አይጠፋም። ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ እንጦስ ኢየሱስ ደሴቶች አቅጣጫ፣ ከባሕር ዳር ዳርቻ ሳይርቁ፣ ከተቻለም ገመድ የያዘ ሌላ ጀልባ በቅርብ እየተከተለ ቢሆን ይመረጣል።

ሞተሩ አልነሣ ሲል ወይም ተነሥቶ ሲጠፋ

ጀልባውን ካወረዱ በኋላ ሳይፈቱት ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ውስጡን ይመልከቱ፤ ውሃ እየገባ ከሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ቁልፉ ሲዞር ምንም ድምፅ ከሌለ መጀመሪያ የማርሹ ዘንግ በትክክል ነጻ ቦታ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ማርሽ ውስጥ የገባ ሞተር እንዳይነሣ የሚከለክል ማቋረጫ አለው። ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ ካልነሣ ደግሞ ዓይንዎ ቀድሞ መሄድ ያለበት ከነጂው ጋር ወደሚታሰረው ቀይ የደኅንነት ገመድ ነው። የገመዱ ጫፍ በቦታው በደንብ ካልገባ ብዙ ሞተሮች እሳት አይሰጡም። ኤተር ወደ አየር መሳቢያው መርጨት የለመዱ መካኒኮች አሉ፤ አዲስ ሞተር ላይ ይህን ማድረግ ችግሩን ሳይፈታ ጉዳት ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም።

ሞተሩ ተነሥቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እየደከመ የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ ከነዳጅ መንገዱ ነው፤ ይህንንም በነዳጁ ቱቦ መካከል ያለችው የጎማ መጭመቂያ ኳስ ትነግርዎታለች። ኳሷ ተጨምድዳና ተጣብቃ ከተገኘች ከታንኩ በኩል ነዳጅ አልመጣም ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የታንኩ ክዳን መተንፈሻ ሳይከፈት ቀርቶ ታንኩ ውስጥ አየር ስለጠፋ ነው። ክዳኑን ላላ ሲያደርጉት ፉጨት ከሰሙ ምክንያቱን አገኙት። በተቃራኒው ደጋግመው ቢጨምቋትም የማትጠነክር ከሆነ ቱቦው አንድ ቦታ አየር እየሳበ ነው፤ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ይጫኑና ያጥብቁ። በኳሷ ላይ የተሣለው ቀስት ወደ ሞተሩ ማመልከቱንም ይዩ፤ ተገልብጣ የተገጠመች ኳስ ብርቅ አይደለችም። ጠንክራ ሳለች ሞተሩ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ወደ ፊልትሮው ይሂዱ። በጄሪካን የሚቀዳ ቤንዚን ውሃና ቆሻሻ ይዞ መምጣቱ የተለመደ በመሆኑ፣ ውሃ የሚለይ ፊልትሮ አብሮ ያልተገጠመለትን ጀልባ ያለ እርሱ መንዳት አልመክርም።

ሞተሩ እንደተነሣ ከጎኑ ቀጭን የውሃ ጅረት መውጣት አለበት። ካልወጣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያጥፉት። በጉዞ መካከል ከቀነሰ ወይም የሙቀት ማስጠንቀቂያው ከጮኸና ሞተሩ በራሱ ዙሩን ከቀነሰ፣ አጥፍተው እግሩን ያንሡና የውሃ መሳቢያውን ወንፊት ይመልከቱ። ፌስታል ወይም እምቦጭ ተለጥፎበት ይሆናል። እምቦጭ በጣና ላይ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ የታየ ሲሆን በብዛት የሚገኘው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ቢሆንም ነፋስ የሚያንሳፍፈው ቁራጭ ሩቅ ይሄዳል።

ሙሉ ጉልበት፣ ከፍታና ፕሮፔለር

አዲስ ሞተር ወዲያውኑ በሙሉ ጉልበት አይፈተንም። የፋብሪካው መጽሐፍ የተለየ ካላለ፣ በመጀመሪያው ሰዓት ከግማሽ ጉልበት ሳያልፉ፣ በሁለተኛው ሰዓት እስከ ሦስት አራተኛ እየደረሱ፣ ዙሩን እያለዋወጡ ይንዱ፤ ሞተሩ በድምሩ 10 ሰዓት እስኪሠራ ባለው ቀሪ ጊዜ ደግሞ ሙሉ ጉልበት በአንድ ጊዜ ከ5 ደቂቃ አይለፍ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ፈተና የሚመጣው ሁለቱ ሰዓታት ካለፉ በኋላ ነው።

በዚህ ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚያጋጥመው ቅሬታ አንድ ነው፦ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው ግን አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ ይጎተታል፤ በውሃው ላይ ተነሥቶ መንሸራተት አይችልም። በአንድ የማውቀው ጀልባ ላይ ባለቤቱ መጀመሪያ ካንዴላ፣ ቀጥሎ ፊልትሮ፣ ከዚያም የነዳጅ ፓምፕ አስቀይሮ ነበር፤ ሻጩም ሞተሩ እስኪለማመድ ነው እያለ ሲያስጠብቀው ቆይቷል። ዙሩ ፈቀቅ ያለው ሌላ ፕሮፔለር ሲገጠም ብቻ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የሞተር ጉልበት የሚወሰነው ከቤንዚኑ ጋር በሚቃጠለው አየር መጠን ነው፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። ጣና ላይ ይህ ሲደመር ወደ 18 በመቶ ይጠጋል፤ ክዳኑ ላይ 40 የተጻፈበት ሞተር እዚህ የሚሰጠው 33 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። ነዳጅን በኮምፒውተር የሚረጩ ሞተሮች የአየሩን መሳሳት ለክተው ቤንዚኑን ስለሚቀንሱ አይጨሱም፤ የጎደለውን አየር ግን ከየትም አያመጡትም። ካርቡራተር ያለው ሞተር ይህንንም ማድረግ ስለማይችል ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስና የጠቆረ ካንዴላ ካዩ የካርቡራተሩ የቤንዚን ማሳለፊያ አነስተኛ ቀዳዳ ባለው ሊቀየርለት ይገባል።

አሁን ፕሮፔለሩን ይመልከቱ። በላዩ ላይ በኢንች የተቀረጹ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ የመጀመሪያው የክቡ ስፋት ሲሆን ሁለተኛው ፒች ይባላል። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ ውሃው ውስጥ ባይንሸራተት ኖሮ አንድ ጊዜ ሲዞር ወደፊት የሚሄደው ርቀት ነው። ፒቹ 13 የሆነው ፒቹ 11 ከሆነው የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ጉልበቱን ከፍታ የቀነሰበትን ሞተር በባሕር ጠረፍ ፕሮፔለር ማሠራት የተጫነ መኪናን በአራተኛ ማርሽ የአባይ በረሃን ሽቅብ እንደማስወጣት ነው፤ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ዙሩ አይነሣም፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ በዚሁ ከቀጠለም ውስጡ ካርቦን እየተጠራቀመ ዕድሜው ያጥራል።

ፈተናውን ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ያጣሩ። ሞተሩ እንደጠፋ ክዳኑን አንሥተው፣ ሌላ ሰው የነዳጅ መስጫውን ዘንግ እስከ መጨረሻ ሲገፋ በሞተሩ ላይ ያለው የአየር ማስገቢያ መክፈቻ ማቆሚያው ጋ መድረሱን ይዩ። በገጠማ ጊዜ ኬብሉ በትክክል ካልተስተካከለ አየሩ በከፊል ብቻ ይከፈታል፤ የዚህ ምልክትም ከከፍታው ምልክት ጋር ፍጹም ይመሳሰላል።

ከዚያ ጀልባው ዘወትር ሊይዝ የታሰበውን ክብደት ይጫኑ። ብቻውን የወጣ ነጂ የሚያነበው ቁጥር ጥሩ ሆኖ ይታያል፤ ወደ ዘጌ ተሳላሚ ወይም ጎብኚ ጭኖ ሲነሣ ግን ያ ቁጥር ይወድቃል። ሰው ጭኖ መፈተን ግን ተገቢ ስላልሆነ ውሃ የተሞሉ ባለ20 ሊትር ጄሪካኖች ይጠቀሙ፤ እያንዳንዱ 20 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ከሦስት እስከ አራቱ አንድን ሰው ይተካሉ። እንዳይንሸራተቱ በገመድ ይታሰሩ።

ጀልባው ቀጥ ባለ መስመር እየሄደ፣ የሞተሩ ማዕዘን ተስተካክሎ፣ ሙሉ ጉልበት ሰጥተው የዙር መለኪያው የሚረጋበትን ቁጥር ያንብቡ። ፍጥነቱን በስልክዎ ጂፒኤስ፣ አንድ ጊዜ ከነፋሱ ጋር አንድ ጊዜ በነፋሱ ላይ ለክተው አማካዩን ይያዙ። የዙር መለኪያ የሌለው ጀልባ ካለዎት ከማናቸውም ጌጥ በፊት እርሱን ይግዙ፤ በጆሮ የሚገመት ዙር እምነት የሚጣልበት አይደለም።

ለምሳሌ የሞተርዎ መጽሐፍ የሙሉ ጉልበት ዙር በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ነው ይበል፤ እርስዎ ያነበቡት ደግሞ 4,800 ይሁን። ፒቹ በአንድ ኢንች ሲቀንስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ከ13 ወደ 11 ቢወርዱ ከ5,100 እስከ 5,200፣ ወደ 10 ቢወርዱ ከ5,250 እስከ 5,400 ይጠብቃሉ። ብዙ ሰው ለሚጭን ጀልባ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ በባዶው ሲሄድ ዙሩ ወደ 6,000 ከተጠጋ ነዳጅ መስጫውን ትንሽ መመለስ ይበቃል። ፒች መቀነስ የጠፋውን ጉልበት አይመልስም፤ ጀልባው በባሕር ጠረፍ የሚደርስበት ፍጥነት ላይ አይደርስም፤ ነገር ግን በውሃው ላይ ተነሥቶ ይንሸራተታል፣ ሞተሩም በተሠራበት ዙር ይሠራል። ይኸው ጀልባ ከ1,200 ሜትር በታች ወደሚገኙት ወደ አባያ ወይም ወደ ጫሞ ቢወሰድ ሞተሩ ጉልበት ስለሚያገኝ ዙሩ ከልክ ሊያልፍ ይችላልና ፈተናው እንደገና ይደረግ።

ዙሩ ከልክ በላይ ወጥቶ ጀልባው የማይፈጥን ከሆነ ግን ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ወይ ፕሮፔለሩ አየር እየሳበ ነው፣ ወይም በመካከሉ ያለው የጎማ እምብርት ተለያይቶ ይንሸራተታል።

ከመጀመሪያው ፕሮፔለር ጋር የመጣውን ዳዶና መቆለፊያ አይጣሉ፤ ከነፕሮፔለሩ በጀልባው ውስጥ ይቀመጥ። በደሴቶቹና በከተማው ዳርቻ ዙሪያ ከውሃ በታች ድንጋይ ስላለ አንድ ቀን ያስፈልጋል። በዚሁ ምክንያት ከብረት ይልቅ አልሙኒየም እመርጣለሁ፤ ድንጋይ ሲመታ ራሱ ተጣምሞ የማርሽ ሳጥኑን ሊያተርፍ ይችላል።

በአነዳድ ላይ የሚታዩ ምልክቶች

አፍንጫው እየዘለለ የሚሄድ ጀልባ የሞተሩ እግር ከልክ በላይ ወደ ውጭ ስለወጣ ነው፤ የሞተሩን ማዕዘን በሚቀይረው ቁልፍ ወደ ውስጥ ይመልሱት። ሲታጠፍ ዙሩ በድንገት ጨምሮ ጀልባው ውሃውን የሚለቅ ከሆነ ፕሮፔለሩ አየር ስቧል፤ እግሩን ወደ ውስጥ ማስገባት ካልፈታው ሞተሩ ከፍ ብሎ ተገጥሟል። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባው ታችኛ ጫፍ ጋር ትክክል፣ ቢበዛ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መሆን አለበት። መሪው ወደ አንድ ጎን ከሳበ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችውን ትንሽ ክንፍ ጀርባ መሪው ወደሚስብበት ጎን በጥቂቱ ያዙሯት። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አይለውጡ፤ የትኛው እንደፈታው አይታወቅም።

ከውሃ ሲወጣ

ሁሉንም ብሎኖች እንደገና ይፈትሹ። ፕሮፔለሩን አውልቀው ከጀርባው የተጠመጠመ የናይለን መረብ ክር መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ፤ ጣና ላይ እንዲህ ያለ ክር ብዙ ነው፤ ዘንጉን የሚከበውን የጎማ መዝጊያ ቆርጦ ውሃ ወደ ማርሽ ዘይቱ ያስገባል። ሞተሩ 20 ሰዓት ከሠራ በኋላ በሚደረገው የመጀመሪያ ሰርቪስ የሚወጣው የማርሽ ዘይት ወተት የመሰለ ከሆነ ይህ ሆኗል ማለት ስለሆነ፣ ዘይቱን ብቻ ቀይረው አይመለሱ፤ መዝጊያው ይቀየር። በተጎታቹም ሆነ በሞተሩ እግር ላይ የቀረ የእምቦጭ ቁራጭ ካለ እዚያው ዳርቻ ላይ ለቅመው ከውሃው ርቆ እንዲደርቅ ያድርጉ፤ ከትንሽ ቁራጭ ስለሚራባ ጀልባው ወደ ሌላ ሐይቅ የሚሄድ ከሆነ ይህ ሳይደረግ መንቀሳቀስ የለበትም።