አሸዋ ሲደነድን፦ ስለ ባህር ዳርቻ አለት ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ደለል አለት እንዴት እንደሚፈጠር ትምህርት ቤት ተምረናል። ወንዝ ደለል ያመጣል፣ ደለል በደለል ላይ ይከመራል፣ ክብደቱ ይጫነዋል፣ ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በኋላ ድንጋይ ይሆናል። ውሸት አይደለም። ግን ይህችን ብቻ ይዞ ሞቃታማ ባህር ዳርቻ የወረደ ሰው፣ እዚያ ተነጥፎ የሚያየው ድንጋይ፣ ማለትም እዚያው ዳርቻው ላይ ከደነደነ አሸዋ የተሠራው የዳርቻ አለት፣ ግራ ያጋባዋል።

«ድንጋይ ከሆነማ ጥንታዊ ነው»

በካሪቢያን ባህር ባለችው ጓዴሎፕ ደሴት፣ ዳርቻው ላይ ካለ ጠንካራ የኖራ ድንጋይ ውስጥ የሰው አጽም ተገኘ። ለንደን ወደሚገኘው ብሪቲሽ ሙዚየም ተወሰደ፤ የሙዚየሙ ባልደረባ ቻርለስ ኮኒግም እ.ኤ.አ. በ1814 ስለ እሱ ጻፈ። ድንጋዩን ብቻ አይቶ አጽሙን እጅግ ጥንታዊ የሚያደርግ ዛሬም አይጠፋም። ነገሩ ግን ሌላ ነው፦ የቅርብ ዘመን ሰው አሸዋ ውስጥ ተቀበረ፣ አሸዋው ደግሞ ደነደነ። በፓስፊክ ደሴቶች የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብረታ ብረትና ጠርሙስ እንዲህ ባለ ድንጋይ ተውጦ ተገኝቷል። አንዳንዴ ጥቂት ዓመታት ይበቁታል።

«ከላይ የሚጫነው ክብደት ያስፈልጋል»

አያስፈልግም። እዚህ ሥራውን የሚሠራው ማያያዣው ነው፤ ግንበኛ አሸዋን በሲሚንቶ እንደሚያጣብቀው ማለት ነው። የሞቃታማ ባህር ውሃ የሟሟ ካልሲየም ካርቦኔት ሞልቶታል። ባህሩ ሲሞላ ውሃው በአሸዋው ቅንጣቶች መሃል ይገባል። ሲሸሽ ጥቂቱ እዚያው ይቀራል። ፀሐይ ታሞቀዋለች፤ ከፊሉ ይተናል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ይወጣል። ያኔ ካልሲየም ካርቦኔቱ ሟሙቶ መቆየት ያቅተውና ቅንጣቶቹ ላይ ይጋገራል። በማይክሮስኮፕ ብታዩት በእያንዳንዷ የአሸዋ ቅንጣት ዙሪያ ደቃቅ የአራጎናይት (አንድ ዓይነት የካልሲየም ካርቦኔት ማዕድን) መርፌዎች ቆመዋል። የአንዷ መርፌዎች ከጎረቤቷ ጋር ሲጠላለፉ አሸዋው አለቀለት፣ ድንጋይ ሆነ። ባክቴሪያዎችም ያግዛሉ፤ ከመሬት ውስጥ የሚመጣ ውሃም አንዳንድ ቦታ ድርሻ አለው። የትኛው ያይላል በሚለው ተመራማሪዎች እስካሁን ይከራከራሉ። መልሱ ከዳርቻ ዳርቻ የሚለያይ ይመስለኛል።

«ኮራል ነው»

በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው። በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ ፊት ለፊት ባህሩን እንደ ግድግዳ የሚከላከል ረጅም አለት አለ። ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1836 አይቶት ኋላ ጽፎበታል፤ የአሸዋ ድንጋይ እንጂ ኮራል አይደለም። በኮምጣጤ ለመለየት አትድከሙ፤ ሁለቱም አረፋ ያወጣሉ። ይልቅ ቀረብ ብላችሁ እዩ። ኮራል ጥቃቅን የባህር እንስሳት የሚገነቡት፣ እዚያው ያደገ ስለሆነ የራሱ ቀዳዳዎችና ቅርጾች አሉት። የዳርቻ አለት ውስጥ ግን የተጣበቁ ቅንጣቶችና ስብርባሪ ዛጎሎች ይታያሉ፤ ንጣፎቹም ልክ እንደ ዳርቻው ወደ ባህር ያዘነብላሉ። በነገራችን ላይ፣ ቀይ ባህር ድሮ ገብቶበት በነበረው የእኛው ዳናኪል ጠርዝ ላይ የሚታየው የድሮ ሪፍ (ባህር ውስጥ የተገነባ አለት) እውነተኛ ኮራል ነው። እሱን ከዚህኛው እንዳትቀላቅሉት።

«እንዲህ የተስተካከለ ነገር የሰው እጅ ነው»

በባሃማስ፣ ቢሚኒ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1968 ባህር ስር በረድፍ የተደረደሩ ትላልቅ ድንጋዮች ተገኙ። ወዲያው «የሰመጠችው አትላንቲስ መንገድ» ተባለ፤ አትላንቲስ ባህር ውስጥ ሰመጠች ተብላ በተረት የምትወሳ ደሴት ናት። ጂኦሎጂስቶች ግን ናሙና ወስደው ሲያዩት የዳርቻ አለት ሆኖ አገኙት። ይህ አለት ሞገድ ከስሩ አሸዋውን ሲጠርግበት ቀጥ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል፤ አራት ማዕዘን ቅርጹም ከዚያ የመጣ ነው። የአትላንቲሱ ወሬ ግን አሁንም ዩቲዩብ ላይ ገበያው ደርቷል።

«የሚታየው ቦታ ላይ፣ አየር ላይ ነው የደነደነው»

አብዛኛውን ጊዜ የሚደነድነው አሸዋ ስር ተሸፍኖ፣ በባህሩ ሙላትና ሽሽት መካከል ባለው ክፍል ነው። ከላይ ያለው አሸዋ ታጥቦ ሲሄድ ብቅ ይላል። ስለዚህ ዳርቻ ላይ ተገልጦ ካያችሁት በላዩ የነበረው አሸዋ ተወስዷል ማለት ነው። በየዓመቱ እየሰፋ የሚገለጥ ከሆነ፣ ዳርቻው አሸዋውን እያጣ ነው፤ ሆቴል ሊሠራ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበትም ይህንን ነው።