መኪናው አልነሳ ሲል፦ ሞተሪኖውን ከማስፈታትዎ በፊት ሪሌውንና ስዊቾቹን ይፈትሹ

ቁልፉ ዞሮ ሞተሩ ዝም ሲል ብዙ ባለመኪና መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሞተሩን አሽከርክሮ የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ነው። ሞተሪኖው ግን የታዘዘውን ብቻ ይፈጽማል። ትእዛዙ ከማስነሻ ቁልፉ ይነሣና በፍሪሲዮን ወይም በማርሽ ስዊች አልፎ ሪሌው ዘንድ ይደርሳል፤ ሪሌ በትንሽ ኃይል ታዞ ትልቅ ኃይል የሚያገናኝ ማብሪያ ነው። በመካከል አንዱ ከተበላሸ ደህናው ሞተሪኖ በከንቱ ይለወጣል፤ ይህ ወጪ በአንድ ተራ ቴስተር (የቮልትና የኦም መለኪያ) የሚቀር ነው።

የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ማርሹን ነጻ ያድርጉ። ባትሪውን ይለኩ፤ ሙሉ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ከቆየ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ከ12.4 በታች ከሆነ ቻርጅ ሳያደርጉ አይቀጥሉ፤ ደካማ ባትሪ ቀጣዩን ልኬት ሁሉ ያሳስታል።

አሁን ረዳት ቁልፉን ወደ ማስነሻው ያዙር፤ እርስዎ ከቀበቶና ከማራገቢያ እጅዎን አርቀው በሞተሪኖው ላይ ያለችውን ቀጭን ሽቦ ይለኩ። የባትሪው ቮልት ያህል ከደረሰ ትእዛዙ መጥቷል፤ ችግሩ ሞተሪኖው ወይም ወፍራም ኬብሎቹ ናቸው። ምንም ካልመጣ ወደ ሪሌው ይሂዱ።

የሪሌው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ በፊውዝ ሣጥኑ ክዳን ላይ ተሥሏል። ነቅለው 85 እና 86 የሚል ቁጥር ባላቸው እግሮች መካከል ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መጠን) ይለኩ፤ በአብዛኞቹ ሪሌዎች ከ50 እስከ 120 ይሆናል። ምንም ንባብ ከሌለ ውስጡ ያለው ጥቅልል ሽቦ ተበጥሷል። ጎኑ ላይ ባለው ሥዕል መሠረት ለሁለቱ እግሮች 12 ቮልት ሲሰጡ «ቀጭ» ይላል፣ 30 እና 87 የተባሉት ሌሎቹ እግሮች ይገናኛሉ።

በዚህ ድምፅ ግን አይርኩ። የተቃጠለ መገናኛ ቀጭ እያለ ኃይል ላያስተላልፍ ይችላል። ፊውዝ ባለው ሽቦ የ55 ዋት የፊት መብራት አምፖል በ30 እና በ87 በኩል ያብሩ፤ በሁለቱ እግሮች መካከል ከ0.2 ቮልት በላይ ከታየ ሪሌው ይለወጥ።

ሪሌው ደህና ከሆነና ቁልፉ ሲዞር ሶኬቱ ላይ ትእዛዝ ካልመጣ ስዊቾቹ ይቀራሉ። የፍሪሲዮኑን ስዊች ሶኬት ነቅለው ኦም ይለኩ፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ወደ ዜሮ መቅረብ፣ ሲለቀቅ መቋረጥ አለበት። አውቶማቲክ መኪና በ«ፒ» እምቢ ብሎ በ«ኤን» ከተነሣ የማርሽ ስዊቹ ከቦታው ፈቀቅ ብሏል ወይም አልቋል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ የማስነሻ ቁልፉ ስዊች ይመርመር። በቁልፍ ምትክ አዝራር ባላቸው መኪናዎች ትእዛዙ በኮምፒውተር ስለሚያልፍ የምርመራ መሣሪያ ያስፈልጋል።

የተበላሸውን የፍሪሲዮን ስዊች በሽቦ አገናኝቶ መተው አደገኛ ነው፤ ማርሽ ውስጥ ያለ መኪና ቁልፉ እንደዞረ ፊቱ ወዳለው ሰው ይዘላል።