ወጣቱ ተጫዋች ሲጎዳ፦ የማለፍ ዕድልን ማስላትና ክፍተቱን መሸፈን

የቅርጫት ኳስ ቡድናችሁ የምድብ ጨዋታ ሊያልቅ አንድ ግጥሚያ ቀርቶት ኳስ ይዞ የሚወጣው የ17 ዓመት ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ እንበል። ከሜዳው ዳር የሚሰማው ጥያቄ «ማን ይተካው?» የሚል ነው። እሱን የሚያክል ልጅ ተቀያሪ ወንበር ላይ ቢኖር ኖሮማ ቀድሞውኑ ይሰለፍ ነበር። ስለዚህ ሥራውን በታትኑት፦ ስንት ደቂቃ ይጫወት ነበር? ስንት ኳስ በእጁ ያልቅ ነበር? ማንን ይጠብቅ ነበር? እያንዳንዱን ለየብቻ ለሌላ ሰው ስጡ።

ከሁሉ በፊት ግን እግሩ። ከጉዳቱ በኋላ ራሱን ችሎ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ያሉትን አጥንቶች ከኋላ ጠርዛቸውና ከጫፋቸው ላይ ሲጫኑት ካመመው፣ ራጅ ወዳለበት ጤና ተቋም ይሂድ። ወጌሻ እንዲያሸው ወይም እንዲጎትተው አትፍቀዱ። ዕድገቱን ያልጨረሰ ልጅ አጥንቱ የሚያድግበት ክፍል ከጅማቱ ይልቅ ደካማ ስለሆነ፣ ወለምታ የመሰለው ነገር ስብራት ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ለ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዙለት። በረዶ ከለስላሳ መሸጫ ማቀዝቀዣ ይገኛል፤ ከጠፋ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ፎጣ ይሠራል። ከዚያ በመለጠጫ ፋሻ ጠቅልሉትና እግሩን ከፍ አድርጎ ይተኛ።

ቀላል ወለምታ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ቀጣዩ ጨዋታ ከአራት ቀን በኋላ ከሆነ የለም ብላችሁ አቅዱ። «ሩብ ሰዓት ብቻ ይግባ» የሚባለው ነገር ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ የልጁ እግር ይብሳል፣ ቡድኑ ደግሞ አዲሱን አሰላለፍ ሳይለምደው ይቀራል። መመለሻው በቅደም ተከተል ነው፦ በአንድ እግር መዝለል፣ ቀጥ ብሎ መሮጥ፣ እየተጠማዘዙ መሮጥ፣ ዘሎ ማረፍ። አንዱ ላይ ካመመው እዚያው ይቁም። ሕመሙን በኪኒን አደንዝዞ ማስገባት አይታሰብ።

ቀጥሎ ደብተር አውጡ። ያለፉትን ሁለት ሦስት ጨዋታዎች የመዘገበ ሰው ካለ፣ የልጁን የማጥቃት ዕድሎች እንዲህ አስሉ፦ ወደ ቅርጫት የወረወራቸው ኳሶች፣ ሲደመር ያስነጠቃቸው፣ ሲደመር ቅጣት ምቶቹ በ0.44 ተባዝተው። ቅጣት ምት ብዙውን ጊዜ ሁለት ሁለት እየሆነ ስለሚመጣ፣ አንዳንዱም ከገባ ኳስ ጋር ተጨማሪ ሆኖ ስለሚሰጥ ነው በሙሉ የማይቆጠረው። 14 ኳስ ወርውሮ፣ 3 አስነጥቆ፣ 4 ቅጣት ምት መትቶ 15 ነጥብ ካስቆጠረ፣ 19 ያህል ዕድል ተጠቅሟል፤ በአንድ ዕድል 0.79 ነጥብ ማለት ነው። ቡድኑ በሙሉ በ70 ዕድል 56 ነጥብ አስቆጥሮ ከሆነ፣ ሌሎቹ በ51 ዕድል 41 አግኝተዋል፤ 0.80 መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደነግጣል። ልጁ ብዙ የሚያስቆጥረው ብዙ ስለሚወረውር ነበር እንጂ ከሌሎቹ በተሻለ ስላገባ አይደለም። እሱ ሲወጣ 15 ነጥብ ከቡድኑ አይቀነስም፤ 19 ዕድል ባለቤት ይፈልጋል። አደጋው ሌላ ቦታ ነው፦ ሌሎቹ ቀለል ያለ ኳስ ያገኙ የነበረው ተከላካይ ወደ እሱ ስለሚሳብ ከሆነ፣ 0.80 የነበረው ይወርዳል።

«ያለ እሱም አሸንፈናል» በሚል ማስረጃ ግን አትታለሉ። የአሜሪካውን ቡድን የቺካጎ ቡልስን የ2012 (እ.ኤ.አ.) ታሪክ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዋናው ኮከባቸው ዴሪክ ሮዝ 23 ዓመቱ ነበር፤ በዚያ የውድድር ዘመን በጉዳት በቀረባቸው 27 ጨዋታዎች ቡድኑ 18 አሸንፎ ከምድቡ አንደኛ ወጣ። በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ጨዋታ ሮዝ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፤ በሦስተኛው ሌላው ተጫዋቻቸው ጆአኪም ኖአ ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳ፤ ስምንተኛ ሆኖ ያለፈው ፊላደልፊያ 4 ለ 2 አሰናበታቸው። በመደበኛው ውድድር ተጋጣሚ ለእናንተ ብሎ አይዘጋጅም፤ በጥሎ ማለፍ ይዘጋጃል። ሁለተኛ ሰው ሲጎዳ ደግሞ ክፍተቱ ይበልጥ ይሰፋል።

አሁን የማለፍ ዕድሉ። ለስሌት ብቻ የተፈጠረ የአራት ቡድን ምድብ እንውሰድ፤ ሁለት ቡድን ያልፋል፤ የተጎዳው ልጅ ቡድን ፍኖተ ሰላም ነው። ፍኖተ ሰላም በደብረ ማርቆስ በ10 ነጥብ ተሸንፎ ቡሬን በ8 አሸንፏል። ደብረ ማርቆስ ዳንግላንም አሸንፏል። ቡሬ ዳንግላን በ3 አሸንፏል። የቀሩት ፍኖተ ሰላም ከዳንግላ፣ ደብረ ማርቆስ ከቡሬ ናቸው። በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (ፊባ) ደንብ ማሸነፍ 2፣ መሸነፍ 1፣ ፎርፌ 0 ነጥብ ነው። እኩል የሆኑ ቡድኖች የሚለዩት መጀመሪያ እርስ በርስ ባደረጉት ጨዋታ ውጤት፣ ቀጥሎ በዚያው የእርስ በርስ የነጥብ ልዩነት ነው። በምድቡ በአጠቃላይ ያስቆጠራችሁትን ደምራችሁ ከጀመራችሁ ተሳስታችኋል። የአካባቢ ውድድር የራሱ ደንብ ሊኖረው ስለሚችል በቴክኒክ ስብሰባው ላይ በጽሑፍ ጠይቁ።

ፍኖተ ሰላም ካሸነፈና ደብረ ማርቆስም ካሸነፈ አለቀ፤ ሁለቱ ያልፋሉ። ፍኖተ ሰላም አሸንፎ ቡሬ ደብረ ማርቆስን ከረታ ሦስቱ እኩል 5 ነጥብ ይይዛሉ፤ ቡሬ ከ7 እስከ 12 ባለ ልዩነት ካሸነፈ ፍኖተ ሰላም ይወድቃል፣ ከዚያ ካነሰ ወይም ከበለጠ ግን ያልፋል። ፍኖተ ሰላም ተሸንፎ ቡሬ ካሸነፈ መውጫ የለም። ፍኖተ ሰላም ተሸንፎ ደብረ ማርቆስ ካሸነፈስ? ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና ዳንግላ በ4 ነጥብ እኩል ይሆናሉ። በ5 ልዩነት ከተሸነፈ ፍኖተ ሰላም +3፣ ዳንግላ +2፣ ቡሬ −5 ሆነው ፍኖተ ሰላም ያልፋል። በ6 ከተሸነፈ ዳንግላ ይበልጠዋል።

በግምት ቁጥር እንሙላው። ልጁ ካለ ዳንግላን የማሸነፍ ዕድል 70 በመቶ፣ ከሌለ 55 በመቶ። ደብረ ማርቆስ ቡሬን የማሸነፉ 60 በመቶ። ሦስቱ በ5 ነጥብ እኩል ቢሆኑ የማለፍ ዕድሉ ግማሽ፤ ከተሸነፈ ሽንፈቱ ከ5 የማይበልጥበት ዕድል 40 በመቶ። እያባዛችሁ ስትደምሩ ልጁ ካለ 63፣ ከሌለ 55 በመቶ ገደማ ይመጣል። የማሸነፍ ዕድሉ በ15 ሲወርድ የማለፍ ዕድሉ የወረደው በ8 ብቻ ነው፤ ሰንጠረዡ ራሱ ጥቂት ስለሚሸከም። ጨዋታው ወደ ጥሎ ማለፍ ሲገባ ግን ይህ ትራስ የለም፤ 15ቱ 15 ሆኖ ያርፋል።

ደቂቃውን ስታከፋፍሉ ከ200 ተነሱ፤ አምስት ሰው በ40 ደቂቃ። ልጁ 32 ይጫወት ከነበረ ለአንድ ተቀያሪ 32 አትስጡ፤ 12፣ 10 እና 10 አድርጋችሁ ለሦስት ሰው በትኑት። ምክንያቱ ድካም ብቻ አይደለም። በ15 ደቂቃ 3 ፋውል የሚሠራ ልጅ በዚያው አካሄድ 25 ደቂቃ ሲሞላ አምስተኛውን ሠርቶ ይወጣል። የቡድኑን ፋውልም ቁጠሩ፤ በአንድ ሩብ ከአራት በኋላ በመከላከል የሚሠራ እያንዳንዱ ፋውል ሁለት ቅጣት ምት ያስከትላል።

ኳስ ማውጣቱን ለአንድ ሰው አታሸክሙ። ተጋጣሚ አከፋፋያችሁ እንደሌለ ሲያውቅ ከመጀመሪያው ደቂቃ ሙሉ ሜዳ ያጨናንቃል፤ ግማሹን ሜዳ ለማለፍ ያላችሁ ጊዜ 8 ሰከንድ ነው። ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ይውጡ፤ ረጅሙ ልጅ መሐል ሜዳ ላይ ፊቱን ወደ ኳሱ አዙሮ ይቁም። ኳሱ በቅብብል ወደ እሱ ይሂድ፣ ከእሱ ወደ ሌላኛው ጎን ይውጣ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ተቀባዩ ባለበት ቆሞ ስለሚጠብቅ ነው፤ ወደ ኳሱ ሁለት እርምጃ ይምጣ። በሁለት ልምምድ፣ በእያንዳንዱ 20 ደቂቃ፣ አምስቱ በሰባት ተከላካይ መሐል ኳስ እንዲያወጡ አሠሯቸው።

ጨዋታውን ስለማዝገም አሰልጣኞች ሳያስቡ ይወስናሉ። ያነሰ የማጥቃት ዕድል ማለት ውጤቱ ለአጋጣሚ ይበልጥ ይከፈታል ማለት ነው። ልጁ ወጥቶም ከተጋጣሚ የምትሻሉ ከሆነ ማዝገም ይጎዳችኋል። ደካማው እናንተ ከሆናችሁ ግን ለአንድ ማጥቃት ከሚፈቀደው 24 ሰከንድ 18 ያህሉን ተጠቀሙ። የሰከንድ ሰሌዳ በሌለበት ሜዳ ከወንበር አንድ ሰው በእጅ ሰዓት ቆጥሮ ይጩኽ።

በመከላከል 2-3 ዞን (ሁለት ከፊት፣ ሦስት ከኋላ ሆነው እያንዳንዱ ሰው ሳይሆን ቦታ የሚጠብቅበት) ለዚህ ሁኔታ ይመቻል፤ ልጁ ይጠብቀው የነበረውን ሰው ማን ይያዝ የሚለው ጭንቀት ይቀላል። ድክመቱ የሜዳው ማዕዘንና ሪባውንዱ (ስቶ የተመለሰውን ኳስ መያዝ) ነው፤ ኳስ በተወረወረ ቁጥር እያንዳንዱ ተጫዋች በአቅራቢያው ያለውን ሰው በጀርባው ይከልክል።

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወጣ ቡድን ከ1,800 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ2,400 በላይ ይደርሳል። ተቀያሪ ባነሰበት ጊዜ ይህ ይሰማል። በዋዜማው ግቡ፤ በመጀመሪያው ሩብ ከአራትና ከአምስት ደቂቃ በላይ ማንንም ሳትቀይሩ አታቆዩ። ምግቡን ከጨዋታው ሦስት ሰዓት በፊት ጨርሱ፤ በሶ ከመረጣችሁ ቀጠን ተደርጎ ይበጥበጥ።

የተጎዳው ልጅ ስሙ በ12ቱ ዝርዝር ውስጥ ከሆነ፣ ዝርዝሩ ከመዘጋቱ በፊት በሌላ ሰው ተኩት። እሱን ከወንበር አጠገብ አስቀምጡና ፋውልና የነጥብ ልዩነት ያስይዙት። በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች በ4 እየተመራችሁ ከሆነና በ5 መሸነፍ የሚያሳልፋችሁ ከሆነ፣ ሰዓት ለማቆም ፋውል እንዳትሠሩ የሚነግራችሁ እሱ ነው። የደብረ ማርቆስና የቡሬ ውጤት ገና ካልታወቀ ግን ጨዋታውን ለማሸነፍ ተጫወቱ።