ከኩላሊት እጥበት ማዕከል የሚፈሰውን ውሃ መልሶ ለመጠቀም

የኩላሊት እጥበት ማሽን በደቂቃ 500 ሚሊ ሊትር የማጠቢያ ፈሳሽ የሚያሳልፍ ከሆነ፣ አራት ሰዓት በሚፈጅ አንድ እጥበት ለአንድ ታካሚ 120 ሊትር ያስፈልጋል። ይህን ውሃ የሚያዘጋጀው፣ ባለሙያዎች በአጭሩ አር ኦ (ሪቨርስ ኦስሞሲስ) የሚሉት ማጣሪያ ደግሞ ከሚገባለት ውሃ ከፊሉን፣ ብዙ ጊዜም ግማሽ ያህሉን፣ ሳያሳልፍ ወደ ፍሳሽ ይልካል፤ ይህ ተመላሽ ውሃ ሪጀክት ይባላል። ውሃ በፈረቃ በሚዳረስበት በአዲስ አበባ፣ አንድ ማዕከል ለእጥበት የሚሆን ውሃ በቦቴ እየገዛ በዚያው ዕለት በሺዎች የሚቆጠር ሊትር ወደ ቱቦ መልቀቁ በእጅጉ ሊያሳስበን ይገባል። በአውስትራሊያ ጂሎንግ ከተማ የኩላሊት ሐኪሙ ጆን ኤጋርና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ውሃ ሰብስበው ለሆስፒታሉ መጸዳጃ ቤቶችና ለአትክልት ማጠጫ አውለውታል፤ ሥራው የተራቀቀ መሣሪያ ሳይሆን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው።

ከሁሉ በፊት ወደ ፍሳሽ የሚሄዱትን ውሃዎች ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ሪጀክቱ የአሸዋ ማጣሪያውን፣ ሶፍትነሩን (የውሃውን ካልሲየም በሶዲየም የሚተካውን ማለስለሻ) እና የካርቦን ማጣሪያውን አልፎ ሜምብሬኑ (የአር ኦው ስስ ማጣሪያ) ላይ ሲደርስ የተመለሰ የቧንቧ ውሃ ነው፤ ወደ ታካሚውም ሆነ ወደ እጥበት ማሽኑ አልደረሰም። ከእጥበት ማሽኑ ጀርባ በቱቦ የሚወጣው ግን ከታካሚው ደም የተወገደ ቆሻሻ ያለበትና ተላላፊ ተሕዋስያን ሊኖሩበት የሚችል ስለሆነ ቦታው የፍሳሽ መስመር ብቻ ነው። ሶፍትነሩ በጨው ሲታደስ የሚወጣው ውሃና የአሸዋው ማጣሪያ እጣቢም እንዲሁ አይሰበሰቡም። በብዙ ማዕከላት እነዚህ ሁሉ በአንድ ቦይ ስለሚገናኙ፣ ከቦዩ ላይ ውሃ መቅዳት ፈጽሞ አይገባም፤ ሪጀክቱ መጠለፍ ያለበት ከአር ኦው እንደወጣ፣ ከሌላው ሳይቀላቀል ነው።

መጠኑን ለማወቅ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሰዓት ይበቃሉ። አር ኦው በሙሉ አቅሙ እየሠራ ሳለ ጀሪካኑ በሦስት ደቂቃ ከሞላ በሰዓት 400 ሊትር፣ ማሽኖቹ በቀን አሥር ሰዓት ከሠሩም 4,000 ሊትር ይገኛል ማለት ነው። የሚገዛው ሮቶ መጠን መወሰን ያለበት በዚህ ልኬት እንጂ በግምት አይደለም።

በቧንቧ ዝርጋታው ላይ ስህተት የሚበዛው ከሮቶው አፍ ላይ ነው። ቧንቧ ሠራተኞች ማንኛውም ሮቶ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋ ፍሎት ቫልቭ መግጠም ልማዳቸው ነው፤ በሪጀክት መስመር ላይ ግን ይህ አደገኛ ነው። ቫልቩ ሲዘጋ ግፊቱ ወደ ኋላ ተመልሶ የአር ኦውን አሠራር ያዛባል፤ ከዚያም አልፎ ለታካሚዎች የሚዘጋጀውን ውሃ ጥራት ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ መስመሩ ምንም ነገር ሳይገታው በነጻነት መፍሰስ፣ የቧንቧው ጫፍ ከሮቶው ትርፍ ውሃ መውጫ በላይ ቢያንስ የቧንቧውን ስፋት እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ ክፍተት መተው፣ ትርፉም በራሱ ወደ ፍሳሽ መሄድ አለበት። ማዕከሉ የባዮሜዲካል (የሕክምና መሣሪያዎች) ባለሙያ ካለው፣ እሱ ሳያየው አንድም መጋጠሚያ ባይቆረጥ እመክራለሁ።

ከሮቶው በፊት ውሃውን ወደ ፍሳሽ የሚመልስ ባለ ሦስት መንገድ ቫልቭ ይገጠም። አር ኦው በኬሚካል በሚጸዳበት ቀን ይህ ቫልቭ ወደ ፍሳሽ ዞሮ፣ ማጽጃው ታጥቦ ማለቁ በመመርመሪያ ወረቀት እስኪረጋገጥ ድረስ እዚያው ይቆያል። ማን እንዳዞረውና ማን እንደመለሰው በመዝገብ ይፈረም።

ካርቦኑ ክሎሪኑን ስለሚያስቀር ውሃው ሮቶ ውስጥ ሲከርም ባክቴሪያ በቀላሉ ይራባበታል። ክዳን ያለው፣ ብርሃን የማያሳልፍ ሮቶ ተመርጦ ውሃው በየዕለቱ ጥቅም ላይ ውሎ ቢያልቅ መልካም ነው። መስመሩ በተለየ ቀለም ተቀብቶ በየቧንቧው ላይ «የማይጠጣ ውሃ» ተብሎ በጉልህ ይጻፍ፤ ከመጠጥ ውሃ መስመር ጋርም በምንም መንገድ አይገናኝ። ውሃው ለምግብ ማብሰያ፣ ለእጅ መታጠቢያና ለሕክምና መሣሪያ ማጠቢያ አይውልም። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለሚገኙ ማዕከላት ይህ በተለይ ይሠራል፤ የከርሰ ምድር ውሃው ፍሎራይድ የሚበዛበት ከሆነ ሪጀክቱ ውስጥ ይበልጥ ይከማቻልና።

እንደ እኔ እምነት የመጀመሪያው ተጠቃሚ መጸዳጃ ቤት መሆን አለበት፤ በየቀኑ ብዙ ውሃ ይፈልጋል፣ ጨውም አይጎዳውም። ቀጥሎ የወለል ጽዳትና የመኪና እጥበት ይመጣሉ። ሶፍትነሩ ከአር ኦው በፊት የተተከለ ከሆነ ውሃው ሳሙና በደንብ ስለሚያረፋ ለአንሶላ አጠባም ይስማማል።

አትክልት የመጨረሻው ምርጫ ነው። አር ኦው ግማሹን ውሃ ሲመልስ በሪጀክቱ ያለው ጨው ከገባው ውሃ እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ሩቡን ብቻ ሲመልስ ደግሞ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ከለገዳዲ ወይም ከገፈርሳ ግድብ ውሃ የሚደርሰው ማዕከልና ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚያገኘው ማዕከል ተመሳሳይ ሪጀክት አይኖራቸውም፤ እያንዳንዱ በኮንዳክቲቪቲ መለኪያ፣ ማለትም ውሃው ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍበት መጠን ጨውነቱን በሚያሳይ መሣሪያ፣ የራሱን መለካት አለበት። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት መመሪያ በሴንቲ ሜትር ከ700 ማይክሮሲመንስ በታች የሆነ ውሃ ለመስኖ በጨው በኩል እንደማያሰጋ፣ ከ3,000 በላይ የሆነው ግን ከባድ ገደብ እንደሚያስፈልገው ያስረዳል። ሶፍትነር ካልሲየምን በሶዲየም ስለሚተካ ግን ቁጥሩ ዝቅ ቢልም ሶዲየሙ ሊበዛ ይችላል፤ እንደ መረሬ ያለ ጥቁር አፈር ደግሞ ሶዲየም ሲበዛበት ላዩ ይደፈንና ውሃ አያሰርግም። በበጋ ሪጀክቱን ከሌላ ውሃ ጋር እያፈራረቁ ማጠጣት፣ በክረምት ደግሞ ማጠጣቱን አቁሞ ዝናቡ ጨውን እንዲያጥበው መተው ይገባል። የቅጠሎች ጠርዝ መቃጠል ከጀመረ ወይም ውሃው መደቡ ላይ መተኛት ካበዛ፣ ሪጀክቱ ለአትክልት መሆኑ ቀርቶ ሙሉ በሙሉ ወደ መጸዳጃ ቤት ይዙር።